በራችንን ማን ዘጋው?

(በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ለተሰበሰቡ ወጣቶችና ወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስንት የሚሠራ ነገር አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ግለኝነት በዘመናችን» የሚል ነው። በዚህ ጉዳይ ሁላችንም አንድ ወሬ አለን። «ሰው ከፋ» እንላለን። «ድሮ ቀረ» እንላለን። «ዘንድሮ ሁሉም ለራሱ ነው» እንላለን። ታክሲ ውስጥ ይባላል፣ ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ቡና ላይ ይባላል። እኔ በዚህ ወሬ አልስማማም። የአንድ አገር ሰው ልብ በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ይደርቃል ብዬ አላምንም። የተለወጠ ነገር ግን አለ፤ ትልቅም ነው። ዛሬ እሱን አብረን እንድናየው እፈልጋለሁ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የእድር ጸሐፊ ሥራው መዝገብ መያዝ ነው። ማን አዲስ ገባ፣ ማን ለቀቀ፣ ማን ሰው ሞተበት፣ ማን ከቀብር ቀርቶ መቀጮ ተጣለበት፤ ሁሉም እዚያ ይሰፍራል። ዛሬ የምናገረው አብዛኛው ነገር ከዚያ መዝገብ የተማርኩት ነው።

እስቲ መጀመሪያ የድሮውን ሰፈር እናስበው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው በቀበሌ ቤት ኖሯል። አራት ኪሎ፣ ልደታ፣ ካዛንቺስ፣ ደጃች ውቤ፣ ሰንጋ ተራ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ግቢው አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱም የጋራ ነው። ውሃ በሌሊት ከመጣ ቀድሞ የነቃው ሌላውን ይቀሰቅሳል። ከሰል ያላቀጣጠለች ከጎረቤት ፍም ትጭራለች። እናት ገበያ ስትሄድ ቁልፉም ልጁም ጎረቤት ይቀመጣሉ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ እማማ ሌሊት ሲያስላቸው ከነጋ በኋላ «እንዴት አደሩ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሳላቸውን ሰምቷላ።

እነዚያ ሰዎች የተቀራረቡት ከእኛ የተሻለ ልብ ስለነበራቸው አይመስለኝም። ሳይተያዩ መዋል አይችሉም ነበር። አንድ ባልዲ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ሰው ማነጋገር ግድ ነው። ተጣልተው ቢያድሩ እንኳ ጠዋት ቧንቧው ላይ ይገናኛሉ።

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኮንዶሚኒየም መጣ። ቤቱ የተከፋፈለው በእጣ ነው። እጣ ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር አያወጣም። ከጉለሌ የመጣው ከቂርቆስ ከመጣው ጋር፣ የባንክ ሠራተኛው ከሹፌሩ ጋር፣ ማንም ማንንም ሳያውቅ አንድ ደረጃ ላይ ተገናኘ። ከፊሉ ባለቤት ቤቱን አከራየና ሌላ ቦታ ቀረ። ተከራዩ ደግሞ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲነሱ ደግሞ ስንት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በየአቅጣጫው ተበተኑ። አሁንም ብዙዎቹ የድሮ እድራቸውን አልለቀቁም። ቀብር ሲኖር ሁለት ሦስት ታክሲ ይዘው ይመለሳሉ። አጠገባቸው ካለው ጎረቤት ይልቅ ከተማውን አቋርጠው የሚሄዱለት ሰው ይቀርባቸዋል።

በአዲሱ ቤት ሁሉም ነገር የየራሳችን ነው። ቧንቧው፣ ሽንት ቤቱ፣ የመብራት ቆጣሪው፣ ሪሲቨሩ፣ በሩና ቁልፉ። ይህ መልካም ነገር ነው። ጮክ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ማንም ሰው ወደ ጋራ ሽንት ቤት እንዲመለስ አልመኝም። ሌሊት በዝናብ ልጅ ታቅፎ ግቢ አቋርጦ ሽንት ቤት መሄድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው «ድሮ ቀረ» ብሎ አያለቅስም።

የድሮው መቀራረብም ዋጋ ነበረው። ዋጋውን ብዙ ጊዜ የከፈሉት ደግሞ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ከሥራ አምሽታ የገባች ሴት ስንት ሰዓት እንደገባች ሰፈሩ ሁሉ ይቆጥራል። ልጅ አልወለደችም ብሎ ሰፈር ይፈርድባታል። ባሏ ሲመታት የሰማው ጎረቤት ደግሞ «የባልና ሚስት ነገር ነው» ብሎ ይተኛል። የተለየ ሐሳብ ያለው ወጣት መሸሸጊያ የለውም። አንዲት ሴት የራሷ ደመወዝ፣ የራሷ በር፣ የራሷ ውሳኔ ሲኖራት አንዳንድ ሰው «ግለኛ ሆነች» ይላል። እኔ ይህን ግለኝነት አልለውም። ሰው ሆና መቆሟ ነው። በር መዝጋት መብት ነው። ይህን ሳንቀበል ስለ ግለኝነት ብንናገር ወጣቶቹ አይሰሙንም፤ ባይሰሙንም አልፈርድባቸውም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሩን ስንዘጋ የምንተያይበትንም ምክንያት አብረን ዘጋነው። ቧንቧው ሲቀር በቧንቧው ቦታ ምንም አልተካንም።

ባለፈው ዓመት በእኛ ብሎክ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ሰው ሌሊት አረፈ። ጠዋት ጡሩምባ ነፊው እኔ ጋ መጣና «የማን ስም ልጥራ?» አለኝ። ሟቹ ተከራይ ነበር፤ መዝገባችን ላይ የለም። ሦስተኛ ፎቅ ያለችውን እህት ጠየቅኳት። «ነጯን ቪትዝ የሚነዳው ሰውዬ ነው» አለችኝ። ሌላውንም ጠየቅሁ። እሱም መኪናዋን ያውቃታል። የት እንደምትቆም፣ ስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ ጎማዋ መቼ እንደተቀየረ ሁሉ ነገረኝ። ስሙን የሚያውቅ ግን ጠፋ። በመጨረሻ ስሙን የሰማነው ከወንድሙ ነው።

እዚህ ላይ ብቆም «ይኸው፣ ሰው ከፋ» ትሉኝ ነበር። ግን ቀጥሎ የሆነውን ስሙ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ጠባብ ነው። ሳጥን መዞሪያው ላይ አይዞርም። ከላይ ያሉት ከፍ ማድረግ፣ ከታች ያሉት ጎንበስ ማለት አለባቸው። አንድ ሰው ደግሞ ከፊት ሆኖ «ቆይ፣ ቆይ፣ ወደ ግድግዳው» ማለት አለበት። ያን ቀን ማንም ሳይጠራቸው ከየበሩ ወንዶች ወጡ። አንዳንዶቹ የሥራ ልብስ ለብሰዋል። አንዱ ስልኩ እየጠራ ሳያነሳው ትከሻውን ከሳጥኑ ሥር አስገባ። ከታች ደግሞ ሴቶቹ ንፍሮ ጥደዋል፤ ሰታቴው ከማን ቤት እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የእድራችን ዳኛ ደንቡን ያውቁታል። ሟቹ እድርተኛ አይደለም። «ድንኳኑ ይተከል፣ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን» አሉ።

እነዚህ ሰዎች ከፍተዋል ካልን ያን ቀን የወጡት ከየት መጡ? ልቡ ነበረ። የሚያስወጣው ነገር ነበር የጠፋው። ያ ሰው በሕይወት ሳለ አንድም ቀን በራችንን የሚያስከፍት ጉዳይ አልነበረም፤ ሞቱ የመጀመሪያው ጉዳይ ሆነ። ይህ ነው የሚቆጨኝ።

ሌላም አለ፤ ይህን የተረዳሁት ቀስ ብዬ ነው። ከተዘጉት በሮች ብዙዎቹን የዘጋው ራስ ወዳድነት አይደለም። የዘጋቸው ሐፍረት ነው። በእኛ ባህል ሰው ቤት ሲገባ የሚቀርብ ነገር መኖር አለበት። ቡናው፣ ስኳሩ፣ ቁርሱ፣ ካልሆነም እንጀራው። ኑሮው ሲወደድ የደመወዝ ሰው ይህን ማድረግ አቃተው። እንግዳ መጥቶ ባዶ እጁን ከሚሸኝ በሩን ዘግቶ መቀመጥን መረጠ። የማውቃት አንዲት እናት ጎረቤቶቿን ቡና መጥራት ያቆመችው በዚህ ምክንያት ነው። «ጠርቼ ምን አቀርባለሁ? ብቻውን ቡና ይጠራበታል?» አለችኝ። ጎረቤቶቿ ደግሞ «ኮራችብን» ይሏታል። እሷ ታፍራለች፣ እነሱ ይቀየማሉ፤ በመሃል በሩ ተዘግቶ ይቀራል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እየተባለ ወሬ ይፈታበት የነበረው ቡና አሁን ምድር ቤት ባለችው ጀበና ቡና ይሸጣል። ሰው ይቀመጣል፣ ስልኩን ያያል፣ ከፍሎ ይሄዳል።

መንገዱንም አንርሳው። ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳ በየቀኑ መሃል ከተማ የሚመላለስ ሰው ሳይነጋ ወጥቶ ከመሸ ይገባል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የደከመ እግር የጎረቤት በር አያንኳኳም። ይህን ሰው ግለኛ ከማለታችን በፊት ስንት ሰዓት ለራሱ እንደተረፈው እንጠይቅ።

አሁን ስለ ስልኩና ስለ «እኔ» ልናገር። ወጣቶች ቅር አይበላችሁ። በአማርኛ የሚቀርበው የማነቃቂያ ንግግር ባለፉት ዓመታት በጣም በዝቷል፤ አዳራሽ ይሞላል፣ በቲክቶክና በዩቲዩብ ይጎርፋል። ጥሩው ጥሩ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ለሌላ ስትሮጥ የኖረች ሴት «ለራስሽም ኑሪ» ስትባል መስማት አለባት። ነገር ግን በመሃሉ አንድ ምክር ደጋግሞ ይመጣል። «ኢነርጂህን ከሚበሉ ሰዎች ራቅ»፣ «ቶክሲክ ሰዎችን ከሕይወትህ ቁረጥ» ይላል። እስቲ አስቡት፤ ኢነርጂ የሚበላ ሰው ማን ነው? ሐዘንተኛ ኢነርጂ ይበላል። ያንኑ ታሪክ አሥር ጊዜ ይነግርሃል። በሽተኛ ኢነርጂ ይበላል። ሥራ ያጣ ጓደኛ፣ የመርሳት ሕመም የያዛቸው አያት፣ አራስ፣ ሁሉም ይበላሉ። የሚጎዳን ሰው መራቅ ያስፈልጋል፤ የሚያደክም ሁሉ ግን ጎጂ አይደለም። ይህን ልዩነት ካላስተማርናቸው ልጆቻችን የሚያደክማቸውን ሰው ሁሉ ይቆርጣሉ። ነገ እነሱም ለሌላው አድካሚ የሚሆኑበት ቀን ይመጣል።

ለቅሶም ወደ ስልክ ገብቷል። ፎቶ ይለጠፋል፣ ሥሩ «ነፍስ ይማር» እየተባለ ይደረደራል። የጻፈው ሰው የደረሰ ይመስለዋል። ሐዘንተኛዋ ግን ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ናት። ድሮ ድንኳን ውስጥ ወንዶቹ ካርታ እየተጫወቱ ያነጉ የነበረው ለጨዋታው ብለው አልነበረም። ሐዘንተኛው ሌሊት ሲባንን ድምፅ እንዲሰማ ነው። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. ሲገባ ይህ ሁሉ ቆመ፤ መቆሙም ተገቢ ነበር። በሽታው ካለፈ በኋላ ግን በብዙ ሰፈር አጠር ያለው ለቅሶ እንዳለ ቀረ።

ይህ የሀብታም አገር ችግር ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ እነሱ ቀድመውናል። ብሪታንያ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ ጃፓን በ2021 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሾመዋል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ያወጣውን ሪፖርት ስሙ። በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱን ብቸኝነት ያጠቃዋል። በዓመት ከ871,000 በላይ ሞት ከብቸኝነት ጋር ይያያዛል። በድሃ አገሮች ብቸኛ ነኝ የሚለው ሰው 24 በመቶ ገደማ ሲሆን በሀብታሞቹ ግን 11 በመቶ አካባቢ ነው። ቁጥሩ የተገላቢጦሽ ነው። «እኛ ማኅበራዊ ሕዝብ ነን» እያልን ራሳችንን ስናጽናና የጎረቤታችንን ብቸኝነት ሳናየው እንዳንቀር እፈራለሁ።

ፈረንሳዊው አሌክሲ ደ ቶክቪል በ1831 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ዞሮ ሲያይ ይህን ነገር ገና በጠዋቱ አስተውሎት ነበር። ሰው እኩል ሲሆን፣ ጌታና ሎሌ ሲቀር፣ እያንዳንዱ ወደ ቤተሰቡና ወደ ጥቂት ወዳጆቹ ይሰበሰባል፤ ሌላውን ኅብረተሰብ ለራሱ ይተወዋል ብሏል። አሜሪካኖቹን ከዚህ የሚያድናቸው ደግሞ ለትንሽ ለትልቁ ጉዳይ ማኅበር የማቋቋም ልማዳቸው እንደሆነ አይቷል። ይህን ሳነብ ወዲያው የታሰበኝ እድራችን ነው።

ብዙዎቻችን እድር ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው የጥንት ባህል ይመስለናል። አይደለም። እድር የከተማ ልጅ ነው። ታሪኩን የመረመሩ ሰዎች እንደሚሉት አዲስ አበባ ላይ የበቀለው ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ፣ እንጀራ ፍለጋ ከየአገሩ በገባው ሰው መካከል ነው፤ ከጉራጌ አገር የመጡት ሰዎች ድርሻ ደግሞ ትልቅ ነበር። እዚያ አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ የሚቆፍር የሚሸከም አለ። እዚህ ግን ሁሉም ባይተዋር ነው። «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» አሉ። ከዚያ ተሰብስበው ዳኛ መረጡ፣ ጸሐፊ መረጡ፣ ገንዘብ ያዥ መረጡ፣ ድንኳን ገዙ። መቀጮ የደነገጉትም የሰውን ልብ ብቻ ማመን እንደማይበቃ ስላወቁ ነው። ቀብር ቀርተህ ትከፍላለህ። ፍቅር ኖረህም አልኖረህም ትመጣለህ፤ ስትመጣ ስትመጣ ትዋደዳለህ።

ልጆቻቸውም ይህንኑ አደረጉ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን እድር አቋቁመዋል። በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶቻችን አንዷ ስትሞት ከዚያች ከምታህል ደመወዝ አዋጥተው አስከሬኗን ወደ አገር ይልካሉ። አብዛኞቹ ሟቿን በአካል አያውቋትም። በዚያ ሁሉ ሥራና በዚያ ሁሉ እንግልት መካከል የማያውቁት ሰው ጉዳይ ጉዳያቸው ነው።

ስለዚህ እኛ ከቅድመ አያቶቻችን የባሰ ባይተዋር አይደለንም። እነሱ እንግዳ ከተማ ውስጥ ሰው የሚገናኝበትን ነገር ፈጠሩ። እኛ የፈጠሩትን ይዘን ሥራውን ወደ ገንዘብ እያዞርነው ነው። መዋጮው በቴሌብር ይገባል፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ሰልፍ ቀርቷል። ነገር ግን የወር መዋጮ የሚሰበሰብበት እሑድ ጠዋትም አብሮ ቀረ። ያ እሑድ ሰው የሚተያይበት ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አንዳንድ እድርተኞች የዓመቱን መቀጮ ቀድመው ከፍለው ከቀብርም ከለቅሶም ነፃ መሆን ጀመሩ። መዝገቡ ላይ ዕዳ የለባቸውም። ሒሳባቸው ንጹሕ ነው። በደንቡ መሠረት ጥሩ እድርተኞች ናቸው፤ ፊታቸውን ግን ማንም አያውቀውም።

ከዚያ ሰውዬ ቀብር በኋላ ተሰብስበን ተነጋገርን፤ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አሁን ተከራይም እድርተኛ መሆን ይችላል። መግቢያው ለእሱ ዝቅ ብሏል፤ ሲለቅ ደግሞ መሸኛ ደብዳቤ ይዞ ወደሚሄድበት ሰፈር እድር ይገባል። መቀጮ ቀድሞ መክፈል ቀርቷል። አዲስ ሰው ሲገባ ከዚያው ብሎክ ሁለት ሰው ሄዶ እንኳን ደህና መጣህ ይለዋል፣ ስሙን ይመዘግባል፣ ስልክ ይለዋወጣል። ሐፍረቱ እንዲቀር ደግሞ ሴቶቹ ራሳቸው አንድ ነገር ወሰኑ። በወር አንድ ቀን በሚደረገው የብሎክ ቡና ላይ ከቡናና ከቆሎ ሌላ ማቅረብ ክልክል ነው። አቅም ያላትም ከዚያ አታልፍም። ያቺ ቡና መጥራት ያቆመችው እናት ባለፈው ወር ተራዋ ደርሶ ጠርታለች።

ያልተፈታ ነገር አለን። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች እንደምታውቁት በየተወሰነው ብሎክ መሃል ኮሚናል ተሠርቷል። ሰው እንጀራ እንዲጋግርበት፣ በዓል ሲመጣ በግ እንዲያርድበት፣ ድግስና ለቅሶ እንዲያስተናግድበት የታሰበ ቤት ነው። ያን ያሰበ ሰው ቧንቧው ሲቀር ምን እንደሚጠፋ ገብቶት ነበር ማለት ነው። የእኛው ኮሚናል ግን ለመጋዘን ተከራይቷል። ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑን የምንተክለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሐዘንተኛው እግሩ ውሃ ውስጥ ነው። የነዋሪዎች ማኅበሩ ኮሚቴ የሚለውም እውነት ነው። የጥበቃዎቹ ደመወዝ የሚከፈለው ከዚያ ኪራይ ነው። ኪራዩ ከቀረ እያንዳንዱ ቤት በየወሩ ተጨማሪ ማዋጣት አለበት። ጡረተኞች አሉ፣ ለእነሱ ቀላል አይደለም። የእድሩ ሐሳብ አቅም ያለው ቤት የጡረተኛውን ድርሻ እንዲሸፍን ነው። ይህ በብሎክ ውስጥ ማን አቅም እንዳለው ማን እንደሌለው ማወቅን ይጠይቃል፤ ለማወቅ ደግሞ መተዋወቅ ያስፈልጋል። አሁን ሥራችን እሱ ላይ ነው። የመጋዘኑ ውል የሚያልቀው ሰኔ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ጠቅላላ ስብሰባ ተጠርቶ ድምፅ ይሰጣል። ከእናንተ መካከል ኮሚናሉን ከኪራይ አስመልሶ ወደ ሥራ ያስገባ ብሎክ የሚኖር ሰው ካለ የጥበቃውን ደመወዝ እንዴት እንደሸፈናችሁ ዛሬ ከመለያየታችን በፊት ቢነግረኝ ለስብሰባው ይዤው እሄዳለሁ።